ከምድጃው ጀርባ ያለችው ቀለበት

የጋዝ ምድጃ ስትገዙ ምን ምኑን አያችሁ? መልኩን፣ የእሳቱን ብዛት፣ ዋስትናውን አይታችሁ ይሆናል። ምድጃውን ከሲሊንደሩ ጋር ስለሚያገናኘው ጎማና ጎማውን አንቃ ስለምትይዘው ትንሽ የብረት ቀለበት የጠየቃችሁ ግን ጥቂት እንደምትሆኑ እገምታለሁ። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የሸማች ዓይን የሚያርፈው የሚያብረቀርቀው ላይ መሆኑን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለማያብረቀርቀው ነው።

ያቺ ቀለበት በየጋራዡ ፋሸታ ትባላለች። ጥርስ የወጣላት የብረት ጥብጣብ ናት፤ ብሎኗን በካቻቢቴ ስታዞሩት ጥብጣቧን እየሳበ ጎማውን ዙሪያውን ይጨምቀዋል። ይህችን ዓይነቷን የፈጠረው ላምሊ ሮቢንሰን የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1921 ነበር። «ጁብሊ» የሚለው የንግድ ስሟ በእንግሊዝ አገር የማንኛውም ጎማ ማሰሪያ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ እኛ የታሸገውን ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የዱቄት ሳሙናውን ሁሉ «ኦሞ» እንደምንለው ማለት ነው።

ወደ አሁኑ ኮንዶሚኒየማችን ስንገባ የቀድሞው ተከራይ ምድጃውን ትቶልን ሄዶ ነበር። ባለቤቴ ሊያጸዳው ከግድግዳው ፈቀቅ ሲያደርገው ጎማው በፋሸታ ሳይሆን በሽቦ ተጠምጥሞ አገኘነው። ሲሊንደር የሚያመጣልን ልጅ አይቶ «እህቴ፣ ሽቦ እኮ አይዝም፤ ይቆርጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ፋሸታ ሰፋ ብላ እኩል ስትጨምቅ፣ ሽቦ በቀጭኑ ይነክሳል፤ የነከሰበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ያልነካው ይላላል። ጎማውንም ማሰሪያዎቹንም በዚያው ቀን ቀየርን። ለሁለቱ ፋሸታዎች ያወጣነው ሁለት ማኪያቶ አይገዛም።

ነገሩን ያከበደብኝ የአራት ዓመቷ ልጃችን ናት። የምንጠቀምበት ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ። ሲያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ መስኮት አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ልጆች ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ቦታ ማለት ነው። በራሱ ሽታ ስለሌለው የምናውቀው ያ መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ማስጠንቀቂያ ነው። ከአየሩ ውስጥ ሁለት በመቶ ገደማ ከሆነ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ፍተሻው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በመጀመሪያ ጎማው ለጋዝ የተሠራ መሆኑን ከላዩ ከታተመው ጽሑፍ አረጋግጡ፤ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ጋዝ ስለሚጎዳው ምትክ አይሆንም። ጎማውን ስታጥፉት ስንጥቅ ካያችሁ ወይም ከደረቀ ይቀየር። ከዚያ ሁለቱንም ጫፎች እዩ፤ ጎማው የሚገባበት የብረት አፍ እርከን እርከን ያለው ጎማው እንዳይንሸራተት ነውና እርከኖቹን ሁሉ አልፎ መግባት፣ ፋሸታዋም እርከኖቹ ላይ መቀመጥ አለባት። አጥብቁ፤ ግን ጎማውን እስክትቆርጥ አይደለም። የሬጉላተሩ ብሎን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው እንደ ተለመደው ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው፤ ከሌላ ዕቃ ጋር እንዳይምታታ ታስቦ ነውና እምቢ ካለ አታስገድዱት።

በመጨረሻ የምድጃውን ማብሪያዎች ዘግታችሁ ሲሊንደሩን ክፈቱና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው እየነፋ ከመጣ ጋዝ እያፈተለከ ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን በጭራሽ አይሞከርም። ጋዝ ከሸተታችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙዎቻችን ቤት ቀኑን ሙሉ ምድጃው አጠገብ የምትውለው የቤት ሠራተኛችን ናት። ይህን ሁሉ እኛ አውቀን እሷ ካላወቀች ፍተሻችን ግማሽ ነው። አብራችሁ ፈትሹ፤ ሲሊንደሩ እንዴት እንደሚዘጋ አሳዩዋት፤ ሽታ ስትሰማ ማንንም ሳታስፈቅድ ዘግታ ልጆቹን ይዛ መውጣት እንደምትችል ንገሯት። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ቅጠሏ አንዲት ካቻቢቴና ትንሽ የሳሙና አረፋ ናት።