ከአፍንጮ በር እስከማይታየው እንዝርት

ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጊዜ ካለዎ ከአፍንጮ በር ተነሥተው ዳገቱን ወደ ስድስት ኪሎ ይውጡ፤ ወደ አራት ኪሎ ይውረዱ፤ በፒያሳ ዞረው ወደ ተነሡበት ይመለሱ። ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደከመዎ? ኒው ዮርክ አጠገብ በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ 3.8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ቀለበት ውስጥ፣ ፕሮቶኖች ይህን የሚያህለውን መንገድ በአንዲት ሴኮንድ 78,000 ጊዜ ያህል ይዞሩት ነበር።

ፍጥነቱ ግን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። ከስድስት ኪሎ በላይ፣ በሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ ጥጥ የምትፈትል እናት አይተው እንደሆነ፣ እንዝርቱ ሲደክም ዘንጉ ራሱ ክብ እየሠራ መወዛወዙን ልብ ብለዋል። ፕሮቶንም «ስፒን» የሚባል እንዲህ ያለ ዘንግ አለው፤ ማግኔት ባለበትም ዘንጉ ይዞራል። ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያሻም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ያቋቋሙት ከተማችን ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ጭምር ነው። በከተማችን ባለው የምድር ማግኔት ኃይል የፕሮቶን ዘንግ በሴኮንድ 1,500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የፕሮቶን ማግኔቶሜትርም ይህንኑ ቆጥሮ የማግኔቱን ብርታት ይናገራል።

በብሩክሄቨን፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት፣ ዘንጋቸው ወደ አንድ ወገን የተሰለፈ ፕሮቶኖች ሮጡ። በ100 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት፣ ጥቂት ያዘነበለ ዘንግ በአንድ ዙር ብቻ 191 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ ትንሽ የማግኔት ጉድለት በየዙሩ ከገፋው ሰልፉ ይፈርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ዘንጉን መገልበጥ ነው፤ ሐሳቡ ከኖቮሲቢርስክ ስለ መጣ መሣሪያውን «የሳይቤሪያ እባብ» አሉት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ማግኔት ነው።

ሰልፉ አለመፍረሱ በምን ይታወቃል? ቀጭን የካርቦን ክር በመንገዳቸው ይዘረጋል፤ በግራና በቀኝ የሚፈናጠሩት ይቆጠራሉ። ዘንጉ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛው ወገን በጥቂቱ ይበልጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ቢሆን በ10,000 ቆጠራ ከአጋጣሚ አይለይም፤ ስለዚህ በሚሊዮን ይቆጥራሉ። ደግሞስ የግራው ቆጣሪ ከቀኙ የበለጠ ንቁ ቢሆንስ?

ቀድሞ በፒያሳ አትክልት ተራ የገበየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሚዛኑን ከተጠራጠሩ ዕቃውንና ድንጋዩን ቦታ ያለዋውጧቸዋል። ሊቃውንቱም የፕሮቶኖቹን ዘንግ ለአንዱ ጭፍራ ወደ ላይ፣ ለሌላው ወደ ታች ያደርጉታል፤ የመሣሪያው አድልዎ እንዳለ ሲቀር የፕሮቶኑ ልዩነት ግን ይገለበጣል። ሁለቱ የሚለዩት በዚህ ነው፤ እኔ ከእባቡም ይልቅ ይህን አደንቃለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም እ.ኤ.አ. በ1988 ከታተመ ውጤት የተነሣ ነው፤ በጄኔቫው ሰርን የፕሮቶንን ስፒን የለኩ ሰዎች ኳርኮች የሚሸከሙት ጥቂቱን ብቻ መሆኑን አገኙ። የቀረውን ማን ይሸከማል? ብሩክሄቨን ከግሉዮኖች ዘንድ ድርሻ አግኝቷል፤ ሒሳቡ ግን ገና አልተዘጋም። የሰልፉ ልክ ከመቶ አምስት ቢሳሳት ኖሮ፣ ያ ድርሻ አብሮ በተሳሳተ ነበር።