ሾተላይ የተባለው ደም ነው

በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሊያርሷት ከአዲስ አበባ የመጡትን እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች። እናት እንባቸውን ሳይጠርጉ ከጉያቸው ክታብ አወጡ።

«እሰሪው ልጄ፤ ሾተላዩ አንቺንም እንዳይከተልሽ።»

እኚህ እናት ከእርሷ በኋላ ሁለት ወልደው፣ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ቢጫ ሆነው ሞተውባቸዋል። ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» ሲል፣ እርሳቸውም በራሳቸው ሲፈርዱ ኖሩ።

ልጅ ክታቡን በአክብሮት ተቀብላ፣ ሐኪም የነገራትን አስረዳች። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ደም ወደ እናቱ ይገባል። የእናት ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ መከላከያው ግን የሚከተለውን ፖዘቲቭ ፅንስ ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አንቲ ዲ መርፌ ይህን ያስቀራል።

«እኔም ኔጌቲቭ ነኝ፤ በ28ኛው ሳምንት ተወግቻለሁ። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ከወለድኩ በ72 ሰዓት ውስጥ እደግማለሁ።»

እናት ብዙ ዝም አሉ።

«እንግዲያስ ጥፋቱ የኔ አልነበረም?»

«አልነበረም፣ እማዬ።»

የገንፎ ዱቄቱን የያዘው ሻንጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አለፋቸው፤ ያነሳው አልነበረም።

እህቶች ሆይ፣ ገና በመጀመሪያው ክትትል የደማችሁን ዓይነት ጠይቁ። ፅንስ ቢወርድባችሁም ለሐኪም ንገሩ። መከላከያው አንዴ ከተፈጠረ መርፌው አይመልሰውምና።