የከሸፈ ድማሚት

በኢትዮጵያ ድፍረት ከጥንት ጀምሮ ይመሰገናል። ጦር የመለሰ ይፎከርለታል፤ አውሬ የገደለ ይሸለማል። ፍርሃት ግን ስሙ ክፉ ስለ ሆነ፣ ፍርሃቱን በሥርዓት ይዞ የሚኖር ሰው ምስጋና ሲቀበል አይታይም። ይሁን እንጂ ከሰው ሙያ መካከል የሚፈራ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም በደኅና ሊሠራው የማይችለው አንድ ሙያ አለ፤ ይኸውም ዐለትን በድማሚት የሚሰብር ሰው ሙያ ነው።

የዚህን ሰው ሥራ ለማስተዋል የጨፋ ሸለቆ መልካም ምስክር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር የተራራውን ሆድ ሰንጥቆ ያልፋል፤ በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። በዚያም የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በጋ ገብቶ ቆላው ሲደርቅ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር አርቢዎች ከብታቸውንና ግመላቸውን ወደዚህ ረግረግ ይነዳሉ። መንገደኛው ለምለሙን ሣር አይቶ ደስ ይለዋል፤ የመጣበትን ዐለት ማን እንደ ከፈተለት ግን አይጠይቅም። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው የጣርማ በር ዋሻ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ሥራ ተቋራጭ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የባቡር ሐዲድ መሥራት ሲጀምር፣ በዚሁ አቅጣጫ ተራራው እንደ ገና ተበሳ። የአስፋልቱ ጠጠርም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም፤ ከካባ ወጥቶ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠንካራውን ካባ የሚከፍተውም ድማሚት ነው።

ዐለትን መክፈት በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ ዐለት የተፈለፈሉት ያለ ባሩድ፣ በመሮና በመዶሻ ነው። በዚያ ሥራ የተሳሳተ እጅ የሚያጠፋው የድንጋዩን መልክ ነበር፤ ባሩድ ከመጣ በኋላ ግን የተሳሳተ እጅ የሚያጠፋው ራሱን ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገድ የከለከለውን ዐለት በባሩድ እያስፈነዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ እስከ መጋቢት ድረስ ገደሉን መንገድ አደረጉት።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ጕዞ በጀመሩበት ዓመት፣ ማለት በ1867 እ.ኤ.አ.፣ አልፍሬድ ኖቤል የተባለው የስዊድን ሰው ድማሚትን የፈጠራ ሥራው አድርጎ አስመዘገበ። ከባሩድ እጅግ የሚበረታው ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ፈሳሽ ከ20 ዓመት በፊት በኢጣልያ አገር ተገኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት መናወጥ የሚያስቈጣው ስለ ሆነ ብዙ ሰው ፈጀ። የኖቤል ታናሽ ወንድም ኤሚልም በ1864 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም በደረሰው ፍንዳታ ሞተ። ኖቤል ያደረገው ነገር ፈሳሹን ለልም አፈር አጠጥቶ ቍጣውን ማብረድ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በ1831 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዊልያም ቢክፎርድ የተባለ የቆዳ ነጋዴ፣ የማዕድን ቈፋሪዎች በባሩድ ሲቈስሉና ሲሞቱ አይቶ አዝኖ፣ በመካከሉ ባሩድ ያለበት፣ እሳቱም ቀስ ብሎ በልክ የሚሄድበት ገመድ ፈትሎ ነበር። የዚህ ገመድ አንድ ሜትር ሁለት ደቂቃ ያህል ይነዳል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሁለቱ ሰዎች አንዱም ለሠራተኛው ድፍረት አልጨመረለትም። አንዱ እርጋታን፣ ሌላው የመሸሻ ጊዜን ሰጠው።

ሥራውም በማፈንዳት አይጀምርም፤ በማየት ይጀምራል። ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የዐለቱን ፊት ይመለከታል፤ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ፣ በውስጡም ጭቃ ወይም ባዶ ስፍራ እንዳለ ይመረምራል። የቅኔ ተማሪ ከሰሙ በታች ወርቁን እንደሚፈልግ፣ እርሱም ከድንጋዩ መልክ በታች የድንጋዩን ጠባይ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው በልክ ይቦረቦራል። ቀዳዳው ከዐለቱ ፊት ከሚገባው በላይ ቢርቅ ድንጋዩ አልሰበርም ይልና ኃይሉ በአፉ ተመልሶ ይወጣል፤ ከሚገባው በላይ ቢቀርብ ደግሞ ፍንካቹ እንደ ጥይት ይበራል። ድማሚቱ ወደ ቀዳዳው የሚገፋው በእንጨት ነው እንጂ በብረት አይደለም፤ ብረት ከድንጋይ ጋር ቢፋጭ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣልና። ድማሚቱና እርሱን የሚያስነሣው ካፕሱል በአንድ ሣጥን አይቀመጡም፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ተለያይተው ይኖራሉ።

በዛሬው ዘመን በብዙ ካባ የሚሠራበት ፈንጂ ከአሞንየም ናይትሬት የሚዘጋጅ ነው። ይህ ጨው በልዩ ልዩ አገር ገበሬ እርሻውን የሚያዳብርበት ነው። እህል የሚያበቅለው ያው ጨው በግዴለሽነት ተከማችቶ ቢኖር ምን እንደሚያደርግ የቤይሩት ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. አይታዋለች፤ በወደቡ መጋዘን የተተወው 2,750 ቶን ያህል ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። እንግዲህ ክፋቱ ከጨው አይደለም፤ አለሁ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ከማጣት ነው።

በጨፋ ሸለቆም ከዐለቱ ይልቅ የሚከብደው ይኸው ጥበቃ ነው። ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ፊሽካ ይነፋል። ነገር ግን ከሩቅ ቆላ ግመል እየነዳ ለሚመጣ እረኛ ቀይ ጨርቅ የሞት ምልክት መሆኑን አስቀድሞ ማን ነገረው? ስለዚህ በየመንገዱ የሚቆመው ጠባቂ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአፋርኛም መጣራት ይገባዋል። ከመንጋው አንዲት ጥጃ ተነጥላ ወደ ካባው ብታዘግም፣ እርስዋን ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ አለና፣ እስክትመለስ ድረስ እሳት አይለኰስም።

የሠራተኛው ልክ የሚታወቀው ግን በከሸፈው ነው። ገና በክር በሚሠራበት ካባ ዐሥር ቀዳዳ ተለኵሶ እንደ ሆነ፣ ሽማግሌው ሠራተኛ ከመጠለያው ሆኖ ድምፁን ይቈጥራል። ተማሪ ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር ሌላ ድምፅ እንደማይሰማ፣ እርሱም ከቍጥሩ በቀር የሚሰማው የለም። አንድ ይላል፤ ሁለት ይላል፤ ዘጠኝ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። አቧራው ይበናል፤ የበረገጉት ወፎች ይመለሳሉ፤ የጭነት መኪናዎች ሞተር ያስነሣሉ። ወጣቱ የሥራ ተቈጣጣሪም ሰዓቱን አይቶ፣

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ፤ ሁለቱ ባንድነት ፈንድተው ይሆናል፤ ሰዉን እናስገባ» ይላል።

ሽማግሌው ግን ከተቀመጠበት አይነሣም። «ልጄ፣ ዐሥር ለኰስን፤ ዘጠኝ ሰማሁ። የአንዱን ነገር ሳላውቅ ሰው ከዚህ አያልፍም» ብሎ ይመልስለታል።

የሽማግሌው ነገር ግትርነት አይደለም። ክሩ እርጥበት አግኝቶት እሳቱ በውስጡ አንቀላፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንቀላፋ እሳት ደግሞ መቼ እንደሚነቃ አይታወቅም። የብዙ አገር ደንብ በክር የተለኰሰ ድማሚት ሲከሽፍ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ በሌላውም አገር አንድ ሰዓት መጠበቅን ያዝዛል። የከሸፈውን ቀዳዳ በብረት መጎርጎር፣ ክሩንም መሳብ ክልክል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ድማሚት ግን የፈሰሰውን የሚለቅም ጣት አያስቀርም። ያ ግማሽ ሰዓት ለተቋራጩ የመኪና ኪራይ ነው፤ የቦርቧሪው ሚስት ግን ባሏ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ከመጠበቅም የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መናገር ነው። መሣሪያው የከሸፈበት ተኳሽ በሰው ፊት ያፍራል፤ ይህ እፍረት ከጥንት የመጣ ነው። የድማሚት ሠራተኛም እፍረቱ አሸንፎት፣ ቀኑ መሽቷልና የከሸፈውን ሳይናገር ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ በማግሥቱ ጠዋት መቦርቦሪያውን ይዞ የሚመጣው ሰው በዚያችው ቀዳዳ ላይ ይቆማል። የገደለው ድማሚቱ ነው ይባላል፤ በእውነት የገደለው ግን ዝምታው ነው። ስለዚህ መልካሙ ሠራተኛ ስፍራውን ይከልላል፤ በመዝገብ ይጽፋል፤ ለተረኛውም በአፉ «በሦስተኛው ረድፍ፣ ከጫፍ ሁለተኛው ከሽፏል» ብሎ ይነግረዋል። በዚህ ሙያ «ከሸፈብኝ» ማለት ውርደት አይደለም፤ የሙያው ማዕርግ ነው።

ጦርነት ግን የከሸፈውን አይቈጥርም፤ ለተረኛም አይነግርም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. እስከ ከሚሴ ደርሶ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ተፈርሞ ተኵሱ ጸጥ ቢልም፣ ጦር ባለፈባቸው የአማራ ክልል ቦታዎች ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በሣርና በአፈር ውስጥ ቀርቷል። ይህን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ወታደር አይደለም፤ እረኛና ሕፃን ነው። ሕፃኑ የሚያብረቀርቅ ብረት አይቶ መጫወቻ ያገኘ ይመስለዋል። ያን ዛጎል የተኰሰው ሰው ድምፁን ቈጥሮ፣ አንዱ እንደ ጐደለ አውቆ፣ በመዝገብ አልጻፈለትም።

እንግዲህ የካባው ሽማግሌ የሚያውቀውን የሸለቆው ልጆች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። የከሸፈ ነገር አልሞተም፤ ቀን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ አለመንካት፣ አለመቅረብ፣ ሌላውም እንዳይቀርብ ከልክሎ ለሚመለከተው አካል ፈጥኖ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ይህን ቃል በትምህርት ቤት መምህሩ፣ በደብሩ ካህኑ፣ በመስጊዱ ሼኹ፣ በገበያም የአገር ሽማግሌው በየቋንቋው ሊናገረው ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ምሳሌ ዕውቀቱ በጎደለ ሕፃን ላይ እንዳይፈጸም፣ መጠርጠር የሚችሉት ታላላቆች ስለ እርሱ ይጠርጥሩ፤ ያዩትንም አይሸሽጉ።