መሳቢያ ውስጥ የቆየው ሰነድ

በተለይ "ቲቸር እንዴት ነህ" እያላችሁ ከአሜሪካ የምትጽፉልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከጓደኛው ጋር በጋራ ቤት ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኛው ግማሽ ድርሻውን በ120,000 ዶላር ሸጠለትና ኖተሪ ፊት ፈረመለት። ወንድም ጋሼ የሰነዱን ፎቶ ልኮልኝ፣ "ፍርድ ቤት ሄደህ አስመዝግብ፣ ታክስም ክፈል ይሉኛል። ምን አጠፋሁና ነው ፍርድ ቤት የምሄደው?" አለኝ።

እኔ የሲቪክስ መምህሩ፣ "ፊርማ አለ፣ ማህተም አለ፣ ምን ቀረህ? ገንዘብህን ያዝ" አልኩት። ሰነዱ መሳቢያ ገባ።

ዘንድሮ ቤቱን አስይዞ ሊበደር ሲል ጉዱ ወጣ። መዝገቡ ላይ ግማሹ ቤት አሁንም የጓደኛው ነው። ጓደኛው ደግሞ በዕዳ ተከሶ ተፈርዶበታል፤ ፍርዱም እዚያው ተመዝግቦ ድርሻው ላይ አርፏል። በቨርጂኒያ ሕግ ያልተመዘገበ ሰነድ በሻጭና በገዢ መካከል ይሠራል እንጂ፣ ፍርድ ይዞ ለመጣ አበዳሪ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ያ የፈራነው ፍርድ ቤት እኮ ክስ የሚታይበት ብቻ አይደለም። የቤት ሰነድ የሚመዘገበው በሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ክለርክ ቢሮ ነው። ክለርኩን ሕዝቡ በየ8 ዓመቱ ይመርጠዋል። ታክሱንም እሱው ይሰበስባል፤ በየ100 ዶላሩ 25 ሳንቲም ለግዛቱ፣ የዚያ ሲሶ ደግሞ ለካውንቲው። ሻጩም የራሱ አለበት። ታክሱ ካልተከፈለ አይመዘግብም። ከተከፈለ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ መዝገብ ያስገባዋል። ከዚያች ሰዓት በኋላ የሚመጣ የጓደኛው አበዳሪ ወንድሜን አይነካውም ነበር።

የወንድሜ ታክስ 400 ዶላር ነበር። እሷን አድናለሁ ብሎ ይኸው አሁን በሰው ዕዳ ከጠበቃ ጠበቃ ይላል። እኛስ አገር ውልና ማስረጃ ፈርሞ ስም ሳያዞር የተቀመጠውን ሰው ሞኝ እንለው የለ?

ባለፈው ሳምንት ሄዶ አስመዘገበ። "አስር ደቂቃም አልፈጀ" አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆች፣ መሳቢያችሁን እዩ። ከዘመድ በስጦታ ያገኛችሁት ከሆነ፣ ስጦታ መሆኑ ሰነዱ ላይ ከተጻፈ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሱ ይቀርላችኋል፤ መመዝገቡ ግን አይቅር። ሕጉ በየግዛቱ ስለሚለያይ ያላችሁበትን ክለርክ ወይም ጠበቃ ጠይቁ። እኔን አትጠይቁኝ።