አምስት ድልድዮች፣ አንድ ብስክሌት
ከልጆች ጋር በኒውዮርክ ጎዳና

ኒውዮርክ የሚለውን ስም ስትሰሙ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምን ይሆን? ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች? ቢጫ ታክሲዎች? ሌሊትና ቀን የማይለየው የመኪና ጩኸት? እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ አለ። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. በሜይ ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ያች ከተማ ሌላ መልክ ትይዛለች። ረጅም የከተማ ጎዳና ለመኪና ይዘጋና ለብስክሌት ይከፈታል። ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይወጣል። አያት ከልጅ ልጁ፣ እናት ከኋላዋ በተገጠመ ወንበር ላይ ካስቀመጠችው ሕፃን ጋር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ ሊሞክር የመጣ ጎልማሳም ከወጣቶች መካከል ሆኖ ይነዳል።

የዚህ ጉዞ ስም «ፋይቭ ቦሮ ባይክ ቱር» ይባላል። ኒውዮርክ ማንሃተን፣ ብሮንክስ፣ ኩዊንስ፣ ብሩክሊንና ስታተን አይላንድ በሚባሉ አምስት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ስለሆነች፣ ጉዞው አምስቱንም በአንድ ቀን የሚያዳርስ ነው። ርዝመቱ 40 ማይል ወይም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ታዲያ ይህ ለጀማሪ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከጉዞው አጀማመር እናገኘዋለን።

በተማሪዎች የተጀመረ ጉዞ

እ.ኤ.አ. 1977 ለኒውዮርክ መልካም ዘመን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ከተማዋ ለኪሳራ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ወንጀል በዝቶ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መብራት በጠፋበት ሌሊት ብዙ ሱቆች ተዘረፉ፣ ብዙ ቤቶችም ተቃጠሉ። እንግዲህ ከዚያ ሌሊት አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ ወር፣ 250 ያህል ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው በአንድነት ተነሡ። ከእነርሱም መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሐሳቡ ወጣቶች ብስክሌትን በጥንቃቄ መንዳት እንዲማሩና የሚኖሩባትን ከተማ በዓይናቸው አይተው እንዲያውቋት ነበር።

አስተውሉ! የዛሬው ትልቅ ጉዞ የተጀመረው በታዋቂ ስፖርተኞች ሳይሆን በመምህራንና በተማሪዎች ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ውድድር አይደለም። ሰዓት አይያዝም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም፣ ሜዳልያ ለመውሰድ የሚጋፋም የለም። ሁሉም እንደ አቅሙ ይነዳል፤ የደከመው ቆሞ ያርፋል፤ ዳገት የከበደው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል። በዚህም ማንም አያፍርም።

እስቲ አብረን እንንዳ

ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ እንነሣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወጣ ስለሚጋጭ ሕዝቡ በቡድን በቡድን ተከፍሎ ነው የሚለቀቀው። በራሱ ላይ ሄልሜት ያላደረገ አይነዳም። ስድስተኛው ጎዳና በሌላ ቀን በመኪና የታጨቀ ነው፤ ዛሬ ግን የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅና የሕፃናት ሳቅ ነው። ከዚያም 341 ሄክታር ስፋት ባለው በሴንትራል ፓርክ ዛፎች ሥር እናልፋለን።

ከፓርኩ ወጥተን ወደ ሰሜን ስንነዳ ሐርለም እንገባለን። የምንነዳበት ጎዳና አዳም ክሌይተን ፓወል ጁኒየር ይባላል። እኒህ ሰው የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና ፓስተር ነበሩ። ያገለግሉባት የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በ138ኛው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟን ስትሰሙ ሳትደነቁ አትቀሩም፤ «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች» ትባላለች። የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ እንደሚናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1808 ጥቁሮች በቀለማቸው ምክንያት ተለይተው እንዲቀመጡ በተደረገበት ጉባኤ ውስጥ መቆየትን እምቢ ያሉ ምእመናን ወጥተው መሠረቷት። ከእነርሱም መካከል ወደ ኒውዮርክ የመጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እንግዲህ በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን በዚህ ጎዳና ስትወስዱ የምትነግሯቸው ታሪክ አላችሁ ማለት ነው።

ከሐርለም በማዲሰን ጎዳና ድልድይ ወደ ብሮንክስ እንሻገራለን። የብሮንክሱ ክፍል አጭር ነው፤ ብዙም ሳንቆይ በሦስተኛው ጎዳና ድልድይ ተመልሰን ማንሃተን እንገባለን። በወንዙ ዳር ያለውን የፈጣን መኪና መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ ከወረድን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በተከፈተው በኩዊንስቦሮ ድልድይ ወደ ኩዊንስ እንወጣለን። አስቶሪያ በሚባለው ሰፈር ትልቅ የማረፊያ ቦታ አለ። እዚያ ውኃና ፍራፍሬ ይታደላል፤ ጎማው የተነፈሰበት ይነፋለታል፤ ፍሬኑ የላላበት ይጠበቅለታል። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ገንዘብ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

በፑላስኪ ድልድይ ብሩክሊን ገብተን ረጅም መንገድ ከነዳን በኋላ የመጨረሻው ፈተና ይመጣል። እርሱም የቬራዛኖ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት ከዓለም ተንጠልጣይ ድልድዮች በሁለት ምሰሶዎች መካከል ባለው ርዝመት አንደኛ ነበር፤ 1,298 ሜትር ነው። በዚህ ድልድይ ላይ የእግረኛም የብስክሌትም መንገድ የለም። ስለዚህ በእግር ወይም በብስክሌት መሻገር የሚቻለው እንዲህ ባሉ ልዩ ቀናት ብቻ ነው። ዳገቱ የሚመጣው አብዛኛው መንገድ ከተነዳ በኋላ፣ እግር ሲዝል ነው። ብዙ ሰው ወርዶ የሚገፋው፣ ብዙ አባትም የልጁን ጀርባ በእጁ ደገፍ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ከጫፍ ሲደረስ ግን በአንድ ወገን ወደቡ፣ በሌላው ወገን ውቅያኖሱ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ከስታተን አይላንድ ወደ ማንሃተን የሚመልሰው ብርቱካናማ መርከብ ነው። ክፍያ የለውም፤ ጉዞውም 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የነጻነት ሐውልት በመርከቡ አጠገብ ሲያልፍ፣ ብዙ ልጆች ግን እንቅልፍ ወስዷቸው አያዩትም።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ጉዞውን የሚያዘጋጀው «ባይክ ኒውዮርክ» የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ተሳታፊዎች የምዝገባ ገንዘብ ይከፍላሉ። ከዚህ የሚገኘው ገቢ ልጆችና አዋቂዎች በነጻ ብስክሌት መንዳት ለሚማሩበት ትምህርት ይውላል። ከዚህም ሌላ፣ ለሕሙማን ወይም ለችግረኞች የሚሠሩ ልዩ ልዩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የራሳቸውን ቡድን ያሰልፋሉ። በእነርሱ ስም የሚነዳ ሰው ከወዳጅ ከዘመድ ገንዘብ አሰባስቦ ለድርጅቱ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት አንዱ በነዳው ሌላው ይታከማል፣ አንዱ በከፈለው ሌላው ይማራል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህ አይደለምን?

«እኔ እኮ አልችልም» ለሚሉ

ብስክሌት ሳይማር ያደገ ሰው ብዙ ነው። በተለይ እናቶች «በዚህ ዕድሜዬ ወድቄ መሳቂያ ልሁን?» ይላሉ። በነጻው ትምህርት ቤት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ስለሆነ እናንተም በግቢያችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ሁለቱም ፔዳሎች ይፈታሉ። የግራው ፔዳል ብሎን እንደ ሌላው ብሎን ሳይሆን በተቃራኒው እንደሚፈታ አትርሱ። ቀጥሎ መቀመጫው ዝቅ ይደረጋል፤ ተማሪው ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ሙሉ በሙሉ መንካት አለባቸው። ከዚያም እግሩን እየገፋ ይሄዳል። መሬቱ ሜዳ ወይም በጣም ጥቂት ቁልቁለት ቢኖረው ይመረጣል። ዓይኑ የፊት ጎማውን ሳይሆን ሩቅ ማየት አለበት። እግሩን አንሥቶ ጥቂት ሜትሮች መንሸራተት ሲችል፣ ሚዛን ያዘ ማለት ነው። ፔዳሉ የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው።

ከኋላ ይዞ መሮጥና ሳይነግሩ መልቀቅ በሁላችንም ሰፈር የተለመደ ነው። ነገር ግን እንዲህ የተለቀቀ ልጅ ሚዛኑን የያዘለት ሌላ ሰው ስለነበረ፣ ብቻውን ሲሆን ይደናገጣል። በእግሩ እየገፋ የተማረው ግን ከመጀመሪያው ሚዛኑን ራሱ ስለያዘ ፍርሃቱ ቶሎ ይለቀዋል። ፍሬን መያዝንም አስቀድማችሁ አስተምሩት፤ ሁለቱን ፍሬኖች በአንድነት፣ ቀስ አድርጎ። የፊቱን ብቻ በድንገት የያዘ በመሪው ላይ ተገልብጦ ሊወድቅ ይችላል።

እኛስ?

«ይህ በአሜሪካ ነው፤ በእኛ አገር ማን መንገድ ይዘጋልናል?» እንዳትሉ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር፣ ዋና ዋና መንገዶች ለሰዓታት ከመኪና ነጻ ሆነው ሕፃናት በአስፋልት ላይ ብስክሌት ሲለማመዱ ታይተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማትም በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ተለይቶ ተሠርቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ደግሞ የብስክሌት ከተሞች ናቸው፤ መሬታቸው ሜዳ፣ ዳራቸው ሐይቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። የኒውዮርኩ ጉዞ የሚደረገው እሑድ ጠዋት ነው። ለምእመናን ቤተ ሰብ ይህ ሰዓት የአምልኮ ሰዓት ነውና፣ በእኛ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። ጎዳናው የግድ 64 ኪሎ ሜትር መሆን የለበትም። ለጀማሪዎች አምስት ኪሎ ሜትር ይበቃል። የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም መኪና የማይበዛበት የሰፈር መንገድም ይሆናል።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ልጅ አምስት ደጋፊዎች ቢያገኝ፣ እያንዳንዱም ደጋፊ ለነዳው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 20 ብር ቢከፍል፣ በአምስት ኪሎ ሜትር 500 ብር ይሆናል። 40 ልጆች ቢነዱ 20,000 ብር ነው። ይህ በሰፈራችሁ ደብተርና የደንብ ልብስ ላጡ ተማሪዎች ትንሽ ነገር አይደለም። ብስክሌት የሌለው ልጅ እንዳይቀር ያላቸው በየተራ ያውሱ። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ከጉዞው በፊት ለሁሉም ይነገር፤ ከጉዞው በኋላም ስንት እንደተገኘና የት እንደዋለ በጽሑፍ ይለጠፍ። ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያው የት እንደደረሰ ሲያውቅ ነው።

ለጥንቃቄ ደግሞ ለዐሥር ልጆች ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይመደቡ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በየመገናኛው የሚቆም ሰው ይኑር። ለአካባቢው የትራፊክ ፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ። በጠዋቱ የሁሉም ጎማና ፍሬን ይፈተሽ። የቁስል ማሸጊያ፣ የጎማ መንፊያና ብዙ ውኃ አትርሱ። ሄልሜት የሌለው ልጅ ሄልሜት እስኪገኝለት ተራውን ይጠብቅ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ዳር ቆማችሁ ከማጨብጨብ አብራችሁ ንዱ። የማትችሉ ከሆነ ከእነርሱ ጋር ተማሩ። በ1977 ተማሪዎችን ይዘው የወጡት 250 ያህል ሰዎች፣ ከዓመታት በኋላ 30 ሺህ እንደሚሆኑ አላሰቡም። የእናንተ ሰፈር በዐሥር ልጆችና በአምስት ብስክሌት ሊጀምር ይችላል። ቀኑን ብቻ ቁረጡ።