አምስቱ ጽንሶች

ኮሌጅ ሥነ ሕይወት ስማር ያወቅሁት ሲላካንት የሚባል ዓሣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰው ቁመት ሊያክል ይችላል፤ የሚኖረው በጥልቅ ባሕር ነው። ሳይንቲስቶች በድንጋይ ላይ የቀረውን ቅሪት ብቻ ስለሚያውቁ፣ ከጠፋ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል ይሉ ነበር። (ስለ ዓመታቱ ቁጥር በአማኞች መካከል ያለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።)

እ.ኤ.አ. በ1938 ግን በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ በዓሣ መርከብ መረብ ወጣ። የኢስት ለንደን ሙዚየም ኃላፊ ማርጆሪ ኮርትኒ ላቲመር እንግዳ ፍጥረት መሆኑን ለይተው ወሰዱት። የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ስላላገኙ ግን የሆድ ዕቃው ተበላሽቶ ተጣለ። ስለዚህ ፕሮፌሰር ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ሙሉ አካል ያለው ሌላ ፈለጉ፤ የዓሣው ምስል ያለበትና 100 ፓውንድ ሽልማት የሚያስታውቅ ወረቀትም አስበተኑ። ሁለተኛው በ1952 ከኮሞሮ ደሴቶች ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ አልቃወምም። ስለማናውቀው ፍጥረት ጠባቂ ልንሆን አንችልም። የሚከብደኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በየአገሩ ያሉ ሙዚየሞች የየራሳቸውን ፈለጉ፤ ሽልማቱም ቀጠለ። ሲላካንት ደግሞ ከቀዝቃዛው ጥልቀት ወደ ሞቃቱ ውኃ ከወጣ ብዙም አይቆይም፣ ይሞታል።

በ1962 የተያዘች አንዲት ሲላካንት ወደ ኒውዮርክ ሙዚየም ገብታ ነበር። በ1975 ሆዷ ሲከፈት አምስት ጽንሶች ተገኙ። ዓሣው እንቁላል ይጥላል ወይስ ይወልዳል የሚለው ጥያቄ በዚያው ተመለሰ። ያቺ እናት ባትከፈት ይህን በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር። ነገር ግን መልሱ 13 ዓመት ሙሉ በእጃቸው ተቀምጦ ሳለ ሌሎች ሲላካንቶች ይያዙ ነበር! እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያለውን ሳይመረምሩ አዲስ መፈለግ ዕውቀት ነው ወይስ ስብስብ ማብዛት?

ዘዳግም 22 ላይ የወፍ ጎጆ ላገኘ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ አለ። ጫጩቶቹን መውሰድ ተፈቅዷል፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። የምረዳው እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር መውሰድን ጨርሶ አልከለከለም፣ ሁሉንም ጠራርጎ መውሰድን እንጂ። ሲላካንትን የሚይዝ መንጠቆ ግን እናትን ከጽንስ አይለይም። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ዓሣ እስከ 100 ዓመት ሊኖር፣ ጽንሱንም 5 ዓመት ያህል ሊሸከም እንደሚችል ገምቷል።

ሌላ መንገድም አለ። በ1987 ጀርመናዊው ሀንስ ፍሪክ በትንሽ ባሕር ሰርጓጅ በኮሞሮ ጥልቀት ወርደው ሲላካንትን በመኖሪያው ቀረጹት። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ አዩት። ይህን በብልቃጥ ውስጥ ያለ ዓሣ አያሳይም።

ይህን ለኅብረታችን ወጣቶች ሳካፍል አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ መንጠቆ ርካሽ ነው። የድሀ አገር ተመራማሪ ሰርጓጅ ከየት ያመጣል?» አለኝ። በየሙዚየሙ ያለውን አስቀድሞ ይመርምር፣ በዓሣ አጥማጆች መረብ ሳይታሰብ የገባውንም ይጠቀም አልኩት። ልጁ ግን አልረካም፤ ድሀው ተመራማሪ ሙዚየሙ ድረስ በምን ገንዘብ እንደሚሄድ ጠየቀኝ።