ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

በመታወቂያዬ ላይ የተወለድሁበት ቀን ታኅሣሥ 29 ቀን 1976 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ግን ይህን ቁጥር አንድም ቀን ተቀብላው አታውቅም። ‹‹አንተ የገና ልጅ ነህ›› ትለኝ ነበር፤ ‹‹በዘመነ ዮሐንስ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ።›› በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና የሚውለው በ28 ነው። ስለዚህ መታወቂያዬና እናቴ በአንድ ቀን ይለያዩ ነበር።

ከአራቱ ዓመት በሦስቱ ገና በ29 ስለሚውል ጠቡ ይበርዳል። በአራተኛው ዓመት ግን እናቴ ድፎ ዳቦዋን በ28 ትደፋለች፤ በማግስቱ ጓደኞቼ ‹‹እንኳን ተወለድህ›› ሊሉኝ ሲመጡ ‹‹ትናንት ነበር እኮ!›› ብላ ትስቅባቸዋለች።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ዐረፈች። ተከትሎ የመጣው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ድፎ በማይደፋበት ቤት ሠላሳ ስድስተኛ ዓመቴን ከምጠብቅ ብዬ ብቻዬን ወደ ላሊበላ ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከወልድያ ጋሸና፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ላስታ ተራሮች ይገባል። መሬቱ የአገሬ ነው፤ የማንኳኳው አንድ የዘመድ በር ግን አልነበረኝም። ሰው በገዛ አገሩም ባይተዋር ይሆናል።

ልደትን በእንግድነት ለማሳለፍ ከላሊበላ የሚሻል ስፍራ ያለ አይመስለኝም። በትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ ቀን ነው፤ ስለዚህ ገና በዚያች ከተማ እጥፍ በዓል ነው። ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡት፣ ንቦቹን አይታም ስሙን ያወጣችለት እናቱ እንደ ሆነች ይተረካል። ቀጥሎ ያለው ታሪኩ የስደት ታሪክ ነው፤ በወንድሙ ቅናት ከቤቱ ርቆ ተንከራተተ፤ እስከ ኢየሩሳሌምም ደረሰ ይባላል። በሰው አገር ሳለ ገና ሲብት የንቦቹን ነገር ማን አስታወሰው ይሆን? እያልሁ አሰላስል ነበር።

በዋዜማው ከተማዋ ነጭ ለብሳለች። ቀናት በእግራቸው የተጓዙ ምእመናን በየዐለቱ ጥግ አርፈዋል። የላሊበላ ሰው የመንገደኛን እግር አጥቦ የመቀበል ልማድ አለውና እኔም አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ታጠብሁ። ያጠበችኝ ልጅ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ማታ ከቤተ ማርያም በላይ ካለው ዐለት ላይ ቦታ አገኘሁ። ከጎኔ የነበሩት እናት ከዋግ ሦስት ቀን በእግራቸው መጥተዋል። ከቋጠሩት ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

‹‹ብቻህን ነህ ልጄ?››

‹‹ብቻዬን ነኝ እማማ። ነገ ልደቴ ነው።››

ልደት ማለት በእርሳቸው ዘንድ የጌታ ነውና ግራ ተጋብተው ‹‹የማን?›› አሉኝ።

‹‹የኔ። የተወለድሁት በገና ነው።››

‹‹እናትህስ አለች?››

‹‹ባለፈው ክረምት ዐረፈች።››

‹‹ነፍስ ይማር›› ብለው ዝም አሉ። ቆይተው ‹‹ምጧ ጸንቶባት ነበር?›› ሲሉ ጠየቁኝ።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ልደቴ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሱንም አላውቀውም። እርሳቸው ግን የስድስት ልጆቻቸውን ምጥ አንድ በአንድ አወጉኝ። አንደኛው በሰባ ሰባቱ ድርቅ በስደት መንገድ ላይ፣ አንደኛዋ በአጨዳ ሰሞን ከማሳ ሲመለሱ ተወልደዋል፤ ሰዓቱን፣ ደጋፊ ጎረቤቶቹን፣ የሰማዩን መልክ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ‹‹እርስዎስ መቼ ተወለዱ?›› ብላቸው ሣቁ። ‹‹እኔማ ምን አውቄ! እርሱን የምታውቀው እናቴ ነበረች።››

አዲስ አበባ ሳለሁ የከበደኝ ነገር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። የገዛ ልደቱን የሚያስታውስ ሰው የለም። በዚያ ቀን የነበርነው እኛ ነን፤ የምታስታውሰው ግን ሌላዋ ናት። እርሷ ስትሞት ከልደታችን የሚተርፈን ወሬና ወረቀት ነው።

ስለ 28ቱም ያን ሌሊት አሰብሁ። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ታከብራለች። ጳጉሜን አምስት ስትሆን በመካከሉ ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን አንድ ቀን ይተርፋል። ያን ጊዜ የሚነካው የእመቤታችን የእርግዝና ዘመን ሳይሆን የበዓሉ ቀን ነው፤ 29 ቀርቶ 28 ይሆናል። ሊቃውንቱ የማኅፀንን ልክ ከሚያዛቡ የቀንን ቁጥር ማዛወር መርጠዋል። ያልተማረችው እናቴ ከመታወቂያዬ ጋር ስትሟገት የኖረችው በዚሁ ሥርዓት ነበር።

ሌሊቱ ሲነጋ ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ በማሜ ጋራ ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ግቢ ቆመው የ‹‹ቤዛ ኩሉ››ን ዜማ ይቀባበሉ ጀመር። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ጧፌ ሲያልቅ እናቲቱ ከራሳቸው ቆርሰው አበሩልኝ። ሲሰናበቱኝም ‹‹እንኳን ተወለድህ›› አላሉኝም፤ ራሴን ዳሰስ አድርገው፣ ‹‹እንኳን ማርያም ማረቻት›› አሉኝ። ለአራስ የሚባለውን ቃል ለሞተችው እናቴ አሉላት። እዚያው ዐለቱ ላይ፣ በሕዝብ መካከል፣ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ላስታ የጦርነት ዓመታትን አይታለች፤ እኒያ እናት የት እንዳሉ አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ሲመለስ አርባ ሞላኝ። በ28 ድፎውን ራሴ ደፋሁ። በማግስቱ ወዳጆቼ ‹‹እንኳን ተወለድህ›› ሊሉኝ ሲደውሉ፣ ‹‹ትናንት ነበር እኮ!›› አልኋቸው።